ከአርምሞ ምድር ያስቀረኋቸው ገጾች

ጋሼ ጥሩነህ ማረፋቸውን የነገረኝ አንሰሪንግ ማሽን ነው። ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቁልፉን ተጫንኩት፤ የልጃቸው የሶስና ድምፅ ወጣ። "ሃይ ሙሉ፣ ሶስና ነኝ። አባባ ማክሰኞ ጠዋት አረፈ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ኦኬ?" ከዚያ ጸጥ አለች። የዘጋችው መስሎኝ እጄን ከማሽኑ ላይ ላነሳ ስል፣ "ስላንቺ ይጠይቅ ነበር" አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ካፖርቴን እንደለበስኩ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በዚያው ማሽን ላይ የእሳቸው የራሳቸው ድምፅ ስንት ጊዜ እንደተቀዳና ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ እንኳን አያውቅም። አሁን የምጽፈው ግን እሱን ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ጋሼ ጥሩነህን እንደ ሜንተናንስ ሠራተኛ የሚያስታውሳቸው ሰው ብዙ ነው፤ ምን እንደፈጠሩ የሚያውቅ ግን ከእኔ ሌላ የለም ማለት ይቻላል። እኔም በደንብ አልያዝኩላቸውም።

የተዋወቅነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ አጠገብ አፐር አርሊንግተን ባለ አንድ የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። ነርስ ኤይድ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። የአንዲት አሮጊት አንሶላ ልቀይር ስገባ ከአልጋው ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው አየሁ። ከወዲያ በኩል፣ "ና ውጣ እንጂ አንተ እልኸኛ! ስለ ማርያም ብለህ ውጣ!" የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

"ብሎን አማርኛ ይሰማል እንዴ?" አልኩ።

ሽበት የወረሰው ራስ ከአልጋው ሥር ብቅ አለ። ማነሽ፣ ከየት መጣሽ ሳይሉ፣ "ይሄኛው ኦሃዮ የተወለደ ነው መሰለኝ" አሉ። "በአማርኛ ስናገረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ልክ እንደ ልጄ።"

አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። ከሸሚዛቸው ኪስ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ቴስተር አይጠፋም። አገር ቤት ሳሉ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበሩ፤ ደሴ ዙሪያ ያልወጡበት የስልክ እንጨት እንደሌለ ይናገሩ ነበር። በሱዳን በኩል ሲሰደዱ ሚስታቸው ካርቱም ላይ ሞተችባቸው። ኮሎምበስ የገቡት ሶስናን በእጃቸው ይዘው ነው፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በአንድ ቀን አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እያሉ ነው። ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም ነበር። ስለ ዕቃ ማውራት ግን ይወዳሉ።

ጠዋት ሥራ ሲገቡ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከማውረዳቸው በፊት ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱና በየበሩ ቆም እያሉ ሽማግሌውንም አሮጊቱንም በሙሉ ስም ይጠራሉ። ስምና የአባት ስም፤ የመሃል ስም ካለም እሱን ጭምር። "ጉድ ሞርኒንግ" እንኳን አይሉም፤ ስሙን ብቻ። አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎ አያይም። ሱፐርቫይዘራችን መጀመሪያ ላይ ጊዜ ያባክናል ብላ ተቆጥታ ነበር። በኋላ አንድ ጠዋት አሟቸው ሲቀሩ ግማሹ ፎቅ ቁርስ አልበላም አለ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረቻቸውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ብሬክ ሩም ጥግ ተቀምጠው ሰማያዊ ሽፋን ባለው የተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ደብዳቤ ይመስለኝ ነበር።

"ለማን ነው ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ለማንም አይደለም። ፋብሪካ እየሠራሁ ነው።"

"የምን ፋብሪካ?"

"የሌለ" አሉና ሳቁ።

ስለ አርምሞ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አርምሞ ከፀሐይ ርቃ የምትዞር፣ አየሯ የሳሳ ምድር ናት። አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ድምፅ ከአንድ ክንድ አያልፍም። እናት ልጇን ከጓዳ ወደ ሳሎን መጥራት አትችልም። ሁለት ሰዎች መነጋገር ከፈለጉ ግንባር ለግንባር ይጋጠማሉ። ገበያ ላይ ሺህ ሰው ቆሞ ኮሽታ የለም። ታዲያ የዚያ ምድር ሰዎች፣ ጥበባቸው ሁሉ ድምፅን ለማሻገር ነው። ከጨው ዳርቻ ከሚበቅል ቅጠል ክር ይፈትላሉ፤ ክሩ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ መንደር ተወጥሮ ቃል ይሸከማል። ሩቅ ለሄደ ሰው ደግሞ የቃል እንስራ አለ። የምትነግሪውን ተናግረሽበት አፉን በሰም ትደፍኚዋለሽ፤ ተቀባዩ ሰሙን ሲያነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። ሁለተኛ አይደግምም። በከተማው መሃል ስም ጠሪ የሚሉት ማማ ቆሟል፤ ጎህ ሲቀድ በክሮቹ ሁሉ የእያንዳንዱን ነዋሪ ስም ይጠራል፤ ማንም ሰው ስሙን ሳይሰማ እንዳይውል።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት የሐዘን አግዳሚን ነው። ሐዘንተኛው በአንደኛው ጫፍ ይቀመጣል፣ ሊያጽናና የመጣው በሌላው ጫፍ። አግዳሚው ከሐዘንተኛው ደረት ላይ ጥቂቱን ወስዶ ወደ እንግዳው ያሻግራል። እንግዳው ያንን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ሦስት ቀን ይከብደዋል፣ በአራተኛው ይሟሟል።

"ካልሟሟስ?" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። እስክሪብቶውን አስቀመጡ። "አየሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ዕቃ መፍጠርማ ቀላል ነው፣ ምኞት ነው። ሲበላሽ ማን ይመጣል? በምን ካቻቢቴ ይፈታዋል? ይሄን ካልነገርሽኝ የነገርሽኝ ተረት ነው።"

ለዚህ ነው በእሳቸው ታሪክ ውስጥ ዋናዋ ሰው ንግሥትም ጀግናም ያልሆነችው። ዘነበች ትባላለች፤ የክር ጠጋኝ ናት። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ አንድ እግሯ አጠር ያለ፣ ከረጢት ተሸክማ መስመር ለመስመር የምትሄድ ሴት። ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

"ክር ሲበጠስ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ክሩ መበጠሱን አያውቁም" አሉኝ። "እሱ ዝም አለኝ፣ እሷ ዘጋችኝ ነው የሚሉት። ዘነበች እስክትደርስ ተቀያይመው ይቆያሉ። ስትጠግነው ይታረቃሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉማ የት ሆኖ! አንዳንዱ ክሩ ተጠግኖለትም አይናገርም።"

"ያኔስ ምን ታደርጋለች?"

"ትቀመጣለች። አንድ ቀን እዚህ ደጅ፣ አንድ ቀን እዚያ ደጅ። ጠጋኝ ሆነሽ መቀመጥ ካልቻልሽ ሥራውን አትችዪውም።"

የመጀመሪያው አንባቢያቸው እኔ አይደለሁም፤ አማርኛ የማይችል ሰው ነበር። ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የማሽን ንድፍ ሲሠሩ የኖሩ አዛውንት ነበሩን። ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ምግባቸውን ሳቀርብላቸው እንኳን ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ጋሼ ጥሩነህ መስኮታቸውን ሊያስተካክሉ ገብተው ሳለ ደብተሩ ከኪሳቸው ወደቀ፤ የስም ጠሪው ማማ የተሳለበት ገጽ ተገለጠ። ሚስተር ሃሮልድ ጎንበስ ብለው አዩትና ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። "ይወድቃል" አሉ በእንግሊዝኛ። "መሠረቱ ጠባብ ነው። ይወድቃል።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራከሩ። ሰኞና ሐሙስ፣ ጋሼ ጥሩነህ ሥራ ሲወጡ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። በእንግሊዝኛ ሰላምታ እንኳን የሚያዳግታቸው ሰው ስለ ማገርና ስለ ብሎን ሲሆን አንደበተ ርቱዕ ይሆናሉ። ሃይሉን ከየት ያገኛል? ክሩ ሲረጥብስ? እንስራው ከተሰነጠቀ ቃሉ ይፈሳል ወይስ ይበላሻል? አንድ ጊዜ ቡና ላድርስላቸው ገብቼ ሁለቱም ተቆጥተው አገኘኋቸው፤ በሌለች ምድር ላይ ላልቆመ ማማ።

የሚስተር ሃሮልድ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መስመር መሳል አቅቷቸው አንድ ቀን እርሳሱን ወረወሩት። ጋሼ ጥሩነህ ከወለሉ አነሱት። በሳምንቱ ከቤታቸው አንድ ጣውላ ይዘው መጡ። ክንድ የሚያርፍበት ጎድጓዳ፣ አንጓን ቀስ አድርጎ የሚይዝ የጨርቅ ማሰሪያ፣ ከሥሩ የሚንሸራተት ማስመሪያ ነበረው። ሚስተር ሃሮልድ እጃቸውን አስገብተው አንድ መስመር ሳሉ፤ ቀጥ ያለ መስመር። ዓይናቸው ሞላ። ጋሼ ጥሩነህ ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞረው ያልተበላሸውን መቀርቀሪያ መፍታት ጀመሩ።

በዚያ ጣውላ ላይ ወረቀት ተዘርግቶ ነው የአርምሞ ዕቃዎች ሁሉ የተሳሉት። የመጨረሻው ሥዕል የዘነበች ከረጢት ነበር፤ መርፌዋ፣ ሰሟ፣ ትንሿ ፒንሳዋ፣ ክር መፈተሻዋ አንድ በአንድ ተዘርግተው። ሚስተር ሃሮልድ በወሩ ሞቱ። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጥሩነህ ባዶው ክፍል በር ላይ ቆመው ስማቸውን ከነመሃል ስማቸው ጠርተው አለፉ። አዲስ ሰው እስኪገባበት ድረስ በየቀኑ እንዲሁ አደረጉ።

በእነዚያ ቀናት ነበር ባለቤቴ ያገለገለ ኮምፒውተር ያመጣው። አንድ የሚያውቀው ሰው በፍሎፒ የአማርኛ ፊደል ጫነለት። የቤተ ክርስቲያናችንን ማስታወቂያ በእሱ ስጽፍ ወሬው ተሰማ። ጋሼ ጥሩነህ በመኪናቸው ሊያደርሱኝ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ መሪውን እያሹ፣ "ሙሉ፣ ያንቺ ማሽን ረጅም ነገር ይችላል?" አሉኝ።

"ምን ያህል ረጅም?"

"አሥራ አንድ ደብተር።"

ሳላመነታ እሺ አልኩ። በሳምንቱ አሥራ አንዱንም ደብተር ከሚስተር ሃሮልድ ሥዕሎች ጋር በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ቅጂ የላቸውም። "ፎቶ ኮፒ ላድርግልዎት?" ብላቸው፣ "ምን ያደርጋል፣ አንቺ ጋ አይደል ያለው" አሉ።

ያን ጊዜ አማርኛ መጻፍ እንደዛሬው አልነበረም። ለአንዷ ፊደል ሁለት ሦስት ቁልፍ ይነካል፤ ፕሮግራሙ እየተዘጋ የጻፍኩትን ይዞት ይጠፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እጽፋለሁ፤ ልጄ እግሬ ሥር ትጫወታለች። ስድስት ደብተር ጨረስኩ። ሰባተኛው ላይ ዘነበች መጣች። ከሰባት እስከ አሥር ያሉት አራት ደብተሮች የእሷ ነበሩ። ብዙ ነገር አይደረግባቸውም፤ ትሄዳለች፣ ክር ትፈትሻለች፣ ትጠግናለች፣ ደጅ ትቀመጣለች። አንድ ክር እንዴት እንደሚጠገን ስድስት ገጽ፣ ሰሙ በምን ያህል ሙቀት እንደሚቀልጥ ሦስት ገጽ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ትንሽ መጽሔት የሚያዘጋጅ ሳሙኤል የሚባል ወንድም ነበር። ብዙ ያነበበ ሰው ነው፤ እኔም አስተያየቱን እፈልግ ነበር። የጻፍኩትንና ሰባተኛውን ደብተር ሰጠሁት። ሲመልስልኝ እየሳቀ ነበር። "እህት ሙሉ፣ ሽማግሌው ተአምረኛ ናቸው። አግዳሚው፣ እንስራው... ግን ይሄ ሁሉ ብሎንና መርፌ ምንድነው? ሰው ልብ ወለድ ብሎ ገዝቶ ማኑዋል ያንብብ? ብትረጃቸው ታሳጥሪላቸዋለሽ።"

ብትረጃቸው። ይህችን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው ያደረግኩት ብል እወድ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ወገቤን ያመኛል፤ አራት ደብተር ማለት አምስት ወር ቅዳሜ ማለት ነው። አራቱን ገረፍ ገረፍ አድርጌ አየኋቸው፤ የማነበው ምን እንዳለ ለማወቅ ሳይሆን ምን እንደሚቀር ለመለየት ነበር። ከዚያ አራቱን ዘልዬ አሥራ አንደኛውን ጻፍኩና ከስድስተኛው ጋር የሚያገናኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፦ "ከብዙ ጊዜ በኋላም ክሩ ተጠገነ።"

ማን እንደጠገነው አልጻፍኩም። ተጠገነ፣ በቃ።

በዚያው ሰሞን ወደ ብሌንደን ታውንሺፕ ቤት ቀየርን። ሳጥን በሳጥን ላይ ተደራርቦ፣ ባለቤቴ "ይሄ ይጣላል ወይስ ይሄዳል?" እያለ ከበር ይጮሃል። ደብተሮቹን በእግሩ አሳየኝ። ተጽፈው አልቀዋል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። "ይጣላል" አልኩ። ፎጣውን ግን አጥቤ አስቀመጥኩላቸው።

መጽሐፉ ኮፒ ቤት ተባዝቶ፣ በፕላስቲክ ሽቦ ተጠርዞ፣ የሚስተር ሃሮልድ ሥዕሎች በየመሃሉ ገብተውበት ስልሳ ቅጂ ሆነ። ሽፋኑ ላይ "የአርምሞ ሰዎች" ይላል። ምረቃው ክሊቭላንድ አቬኑ ያለ አንድ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት ውስጥ እሁድ ከሰዓት ነበር። ከእኛም ቤተ ክርስቲያን፣ ከእሳቸውም ሰበካ ሰው መጣ። ጋሼ ጥሩነህ አንገቱ የጠበባቸው ሸሚዝ አድርገው መጡ። እስከዚያ ድረስ አንድ ገጽ አላሳየኋቸውም ነበር፤ "ሰርፕራይዝ ነው" ብዬ። እሳቸውም ልየው አላሉም፤ "አንቺ ታውቂበታለሽ" ነበር መልሳቸው።

ሰው ምሳውን እየበላ ሳለ መነጽራቸውን አውጥተው ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀመሩ። እያየኋቸው ነበር። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ፤ ወደ ኋላ መለሱት፣ ወደ ፊት ገለጡት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ወደ እኔ አዘነበሉና በለሆሳስ፣ "ሙሉ፣ ይሄ ከረጢት የማን ነው?" አሉኝ።

ሥዕሉን ማውጣት ረስቼ ነበር።

"የዘነበች" አልኩ።

"ዘነበች የታለች?"

"ጋሼ... ትንሽ ረዝሞ ነበር። ሰው እንዳይሰለቸው ብዬ..."

"አሃ።" መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉት። "እሺ። ደብተሩ ካለ በኋላ እንጨምረዋለን። ከሰባት እስከ አሥር ያሉትን መልሺልኝ።"

ዓይኔን ወደ ሳህኔ ሰበርኩ። ገባቸው መሰለኝ፤ ግን ቃሉን ከአፌ መስማት ፈለጉ። "ጠፉ?"

"ቤት ስንቀይር... ጣልኳቸው።"

"አሥራ አንዱንም?"

"አሥራ አንዱንም።"

አልጮሁም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን አዩ። የሰው ፊት ከውስጥ ሲጠፋ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ መብራት ቤት ውስጥ እንደሚጠፋ። ከዚያ ሳሙኤል ተነስቶ ደራሲው ንግግር ያድርጉ አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ ጥሩነህ ተነሱ፤ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ "ያለ ሙሉ ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።" ሰው ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ። እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁ። የዚያን ቀን ያደረግኩትን ሁሉ ብረሳ፣ እጅ መንሳቴን አልረሳውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብሬክ ሩም ውስጥ አዲስ ደብተር ከፍተው አየኋቸው። "ጭንቅላቴ ውስጥ አለች" አሉኝ፤ "እንደገና አመጣታለሁ፣ አይዞሽ።" አይዞሽ ያሉት እኔን ነው። ሁለት ገጽ ያህል እንደጻፉ፣ በዚያው ክረምት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሥራ ተዉ። ሶስና እቤት ታስታምማቸው ጀመር። እኔም ከወለድኩ በኋላ ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ።

ልጠይቃቸው የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው። አንደበታቸው ትንሽ ተይዞ ነበር፤ ይሰማል ግን። "እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ" አሉኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ። አንድ ሰዓት ይበቃናል።" እሺ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ አልኩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ በረዶ ጣለ። ከዚያ ኦቨርታይም ነበረብኝ። ከዚያ ሕፃኑ ጆሮውን አመመው። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አልፈጠርኩትም። ግን በረዶ ባይጥልም አልሄድም ነበር። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ለሰው ቢያሙኝ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተደረገ ሆነው እስክሪብቶ ይዤ እንድመጣ ነበር የሚጠብቁኝ። ያን ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ማየት አቃተኝ።

ስለዚህ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። ማሽኑ ያነሳዋል፤ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እሰማለሁ። "ሙሉ፣ ጥሩነህ ነኝ። ዝግጁ ስትሆኚ ኮል አድርጊልኝ።" ሌላ ጊዜ፣ "ሙሉ፣ ጥሩነህ ነኝ። ሰባተኛው ደብተር ትዝ ብሎኛል፣ እንዳይጠፋኝ ነው።" የመጨረሻው የመጣው ፋሲካ ሲቃረብ ነው። ቃላቸው እየተጎተተ፣ "ሙሉ... ለሥራው አይደለም የደወልኩት። ደህና ነሽ ወይ ለማለት ነው" አሉ። ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁት። ያን ዓመት በጥቅምት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ሞቱ።

ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ሶስና ቤት ሄደ። አንድ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሶስና ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የአባቷ ደረት፣ የአባቷ አጭር አንገት። እያስተናገደች ቆይታ መጣችና በእጇ ጠቀሰችኝ፤ ወደ መኝታ ክፍሏ ይዛኝ ገባች። ከመሳቢያዋ የኮሌጅ ደብተር አወጣች።

"አንቺ ቢዚ ስለሆንሽ ለእኔ ይነግረኝ ጀመር" አለች። "አማርኛ መጻፍ አልችልም፣ ዩ ኖው። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፍኩት። ሃፍ ኦፍ ኢት፣ ግማሹ አልገባኝም። ልታነቢልኝ ትችያለሽ?"

ስድስት ገጽ ነበር። "ዘነበች" የሚለው ስም በየመስመሩ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። በዓይን ብቻ ሊነበብ አልቻለም፤ ድምፄን ማውጣት ነበረብኝ፤ ስናገረው ብቻ ወደ አማርኛ ይመለስ ነበር። ሶስና የማታውቀውን ቃል ስታቆመኝ እተረጉምላታለሁ። ዘነበች በጨው ሜዳ ላይ ትሄዳለች፣ ነፋስ የለም፣ የእግሯ ኮቴ እንኳን አይሰማም። ክሩን በጣቷ እየዳሰሰች ትሄዳለች። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ከተበጠሰው ቦታ ደረሰች።

"ጫፉን አንስታ አየችው" ብዬ አነበብኩ። "ያረጀ ክር ሲበጠስ ጫፉ ይበታተናል። ይሄ አልተበታተነም። በቢላ የተቆረጠ ነው። ዘነበች ማን እንደቆረጠው አወቀች። ከረጢቷን አውርዳ ወደ ሰውዬው ቤት..."

እዚያ ላይ ያበቃል።

"ተኛ" አለች ሶስና። "ነገ እንጨርሳለን ብሎ ተኛ። ከዚያ ሆስፒታል ገባ።"

ደብተሩን ጭኔ ላይ ይዤ ቀረሁ። ይህ ታሪክ ከጣልኳቸው ደብተሮች ውስጥ ነበረ? ወይስ ከዚያ በኋላ የመጣላቸው ነው? ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

"አባባ ደብተሮቹ ቤት ስትቀይሩ ጠፉ ነው ያለኝ" አለች።

"አልጠፉም" አልኳት። "እኔ ነኝ የጣልኳቸው። ከመጣሌ በፊትም አልጻፍኳቸውም። ረዘመብኝ፤ ደከመኝና ተውኩት። አባትሽ ይሄን ያውቁ ነበር።"

 ሳሎን ውስጥ ሰው ሲያወራ ይሰማል፤ አንድ ሕፃን ይስቃል። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እስክሪብቶ ፈልጋ አልጋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ባት ዩ ሬድ ኢት" አለችኝ። "ከመጣልሽ በፊት አንብበሽዋል።"

"አንብቤዋለሁ።"

"ከአባባ ሌላ ሁሉንም ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሶ? ሰውዬው ቤት ስትደርስ ምን አደረገችው?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰማያዊው ሽፋን ታየኝ። ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው ጽሕፈታቸው፣ ስርዝ ድልዙ፣ ገጹ ጥግ ላይ ያለ የቅባት አሻራ ታየኝ። ገጹን በአውራ ጣቴ እየገለጥኩ፣ ስንት እንደቀረኝ እየቆጠርኩ ስሄድ ታየኝ። ቃሉ ግን አልታየኝም።

"ሙሉ?" አለች ሶስና፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ።

"አላስታውስም" አልኳት።